ቀኝ ጉልበቴን አስቀየርኩ፦ የአንድ ልብስ ሰፊ አስተያየት

«ቀዶ ጥገና» የሚለው ቃል ከእኛ ሙያ የተወሰደ ይመስለኛል። መቅደድና መጠገን የልብስ ሰፊ ሥራ ነው። አርባ አንድ ዓመት የሰው ልብስ ስቀድና ስጠግን ኖሬ፣ ጥቅምት 2017 ላይ ተራው የእኔ ሆነ። ቀኝ ጉልበቴ ተቀደደ፣ ያለቀው ተነሳ፣ በብረትና በፕላስቲክ ተተካ። አሁን ዓመት ከሦስት ወር ሞላው። ያየኝ ሁሉ «እንዴት ነው? እኔም ላሠራ እንዴ?» ስለሚለኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

የተሠራልኝ መሃል ከተማ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም የምቀየመውም አለኝ፤ ስም ከገባበት ጨዋታው ወደ ክስ ይሄዳል።

ከጉልበቱ ልጀምር። ሱቄ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ በ2016 እስኪፈርስ ድረስ እዚያው ሰፋሁ። አሁን ሲንጀሬ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ናት። በእግር የምትረገጥ ናት። ሕመሙ ሲጀምረኝ ጥፋቱን በእሷ ላይ ጣልኩ። ሐኪሙ ግን ታሪኬን ሰምቶ ሳቀ። በወጣትነቴ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ዞሮ ወር ሙሉ አንክሻለሁ። እናቴ በስተርጅናዋ ያለ ምርኩዝ አትንቀሳቀስም ነበር። እኔ ደግሞ ሰማንያ ዘጠኝ ኪሎ ነበርኩ። «አባባ፣ መኪናዋን ይቅር ይበሏት» አለኝ።

ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን፣ እኔና ሕመሙ። መጀመሪያ ደረጃ ስወርድ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከወንበር ስነሳ። ቀጥሎ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ እግሬን አጥፌ ስቀመጥ። መጨረሻ ላይ ሌሊት፣ ምንም ሳልሠራ፣ አልጋዬ ላይ። ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል።

አንድ ቀን የሱሪዬ ቀኝ እግር መሬት ሲጠርግ አየሁ። ራሴ የሰፋሁት ሱሪ ነው፤ ልኩን አውቀዋለሁ። ሜትር አውጥቼ ብለካው ሁለቱም እግሮች እኩል ናቸው። ያጠረው የራሴ እግር ነው። ጉልበቴ ወደ ውጭ እየቀለሰ አንድ ሴንቲ ተኩል ወስዶብኛል። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ዝም ብዬ የቀኙን ጫፍ አጠፍኩት። በዓመቱ ሌላ ግማሽ ሴንቲ አጠፍኩ። ሁሉም ሱሪዎቼ እንደዚያ ሆኑ።

ያልሞከርኩት የለም። ወጌሻ አሽቶኝ ሁለት ሳምንት ሱቅ ሳልከፍት ቀረሁ። (ለወለምታ አሁንም ወጌሻ ጋ እሄዳለሁ። ላለቀ መገጣጠሚያ ግን እሽት ምን ያደርጋል?) በየቅዳሜው ፍልውሃ ገባሁ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን የቆረቆሩት በዚሁ ፍል ውሃ የተነሳ ነው፣ በ1879። ሙቀቱ ያፍታታል፤ እስከ ዛሬም እወደዋለሁ። ግን ስታዲየም ሳልደርስ ሕመሙ ተከትሎ ይደርስብኛል። ዲክሎፌናክ ደግሞ ያለ ሐኪም ማዘዣ እየገዛሁ ለዓመታት ዋጥኩ። ይህን ማንም እንዳይደግመው። ጨጓራዬ ቆሰለ፤ የኩላሊቴም ምርመራ ጥሩ አልመጣም። ጉልበት ውስጥ የሚወጋውን መርፌም ሦስት ጊዜ ተወጋሁ። የመጀመሪያው ሦስት ወር አሳረፈኝ። ሁለተኛው ስድስት ሳምንት። ሦስተኛው እሁድን አልተሻገረም።

የቀዶ ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀለው። ጤነኛ ጉልበት ላይ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ክፍት ቦታ ይታያል። ክፍት የሚመስለው ራጅ የማያሳየው ቅርጨጭት ነው። የእኔ ጉልበት ላይ በውስጥ በኩል ክፍት ቦታ የለም። አጥንት አጥንት ላይ ተቀምጧል። «ገበሩ አልቋል ማለት ነው» አልኩት። «ልክ ነው፣ ገበሩ አልቋል» አለ። ከዚያ በኋላ በዚሁ ቋንቋ ተግባባን።

«ቅየራ» የሚለው ስም ያስደነግጣል። እኔ ጉልበቴ ተቆርጦ ወጥቶ ሌላ የሚገጠም መስሎኝ ነበር። የሚሆነው ሌላ ነው። የጭን አጥንት ጫፍና የቅልጥም አናት በስሱ ይቆረጣሉ፣ ወደ አንድ ሴንቲ ገደማ። የላይኛው ከኮባልትና ከክሮም የተሠራ ብረት ይለብሳል። የታችኛው ላይ ብዙ ጊዜ ቲታኒየም ይቀመጣል። በመሃላቸው ፖሊኤቲሊን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል፤ አዲሱ ገበር እሱ ነው። ብረቱን ከአጥንቱ ጋር የሚይዘው እንደ ሊጥ ተቦክቶ በደቂቃዎች የሚደርቅ ሲሚንቶ ነው። ጡንቻውና የጎን ጅማቶቹ የራስህ ሆነው ይቀራሉ።

እኔን ያሳመነኝ ግን ልክ ያለው መሆኑ ነው። ዕቃው ቀኝና ግራ አለው፤ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ሐኪሙ ሲሚንቶውን ከማቡካቱ በፊት የመሞከሪያውን ያስገባል። እግሩን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ ግራና ቀኝ ገፍቶ ያያል። ከጠበበ ይቀንሳል፤ ከላላ ወፈር ያለ ገበር ይመርጣል። ኮት በነጭ ክር ወስውሰህ ደንበኛውን እንደማልበስ በለው። ይህን ሲነግረኝ የፍርሃቴ ግማሽ ለቀቀኝ። ሳይለካ የሚቆርጥ ሰው አልወድም።

ፍራንክፈርት ያለችው ልጄ ደግሞ በስልክ የዚህን ሥራ ታሪክ አነበበችልኝ። ጆን ቻርንሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የዳሌ መገጣጠሚያ መቀየር ሲጀምር ገበሩን በቴፍሎን ሠራው። ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመት ተበልቶ አለቀ። በሽተኞቹን እንደገና መክፈት ግድ ሆነ። ወደ ፖሊኤቲሊን የዞረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ዛሬ እኔ ጉልበት ውስጥ ያለው የዚያ ዘር ነው። ጨርቅ ተሳስቶ መርጦ ሥራውን እንደገና የፈታ ሰፊ ብዙ አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ቻርንሊ ግን ዕቃውን በገዛ ጭኑ ውስጥ አስቀብሮ ሞክሮታል። ይህን ሰውዬ ወደድኩት።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሰው ያሳስታል። ሰኔ 2016 ላይ የዋጋ ወረቀት ተሰጠኝ። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዕቃው ደግሞ ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ጥቅምት ላይ ስመለስ ሌላ ወረቀት ጠበቀኝ። በዚህ ሆስፒታሉን አልወቅስም፤ ዚፕና ክርም በእኔ ላይ ጨምሯል። የምወቅሰው ወረቀቱ ዝም ስላለው ነው። ዎከር ለብቻ። ደም ማቅጠኛ መርፌ ለብቻ። ፊዚዮቴራፒ ከአልጋ ከወረድኩ በኋላ ለብቻ። እኔ ኮት ሰፍቼ ቁልፉን ለብቻ አስከፍዬ አላውቅም። ልጄ ለቤት ያጠራቀመችው ገንዘብ ስለሆነ እያንዳንዱ ተጨማሪ ደረሰኝ ያሳፍረኝ ነበር። የምታሠሩ ሰዎች ሁሉንም በጽሑፍ ጠይቁ። የዕቃው ስምና የተሠራበት አገር ጭምር ይጻፍላችሁ።

ከቀዶው በፊት ያለው ዝግጅት ጥሩ ነበር። ስኳሬን፣ ልቤን፣ ደሜን አዩ። ሰባት ኪሎ እንድቀንስ አዘዙኝ፤ አምስት ቀነስኩ። አንድ የተበላ ጥርስ ነበረኝ፤ መጀመሪያ እሱ ይነቀል አሉኝ። «ጉልበቴን ነው ያመመኝ» አልኩ። ለካ ጀርም ከጥርስ በደም ተጉዞ ብረቱ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ብረት ላይ የሰፈረ ጀርም ደግሞ በኪኒን ብቻ አይለቅም፤ እንደገና መክፈት ሊመጣ ይችላል። ጥርሱን ነቀልኩ።

የቀዶው ቀን ማደንዘዣውን ወገቤ ላይ ወጉኝ። በደቂቃዎች ውስጥ እግሬ የሌላ ሰው ሆነ። መጋረጃ ጋረዱብኝ። ቀጥሎ መጋዙን ሰማሁ። ከዚያ መዶሻውን። አናጺ ቤት ነው የገባሁት አልኩ። አያምም፤ ግን አልጋው ሲነቃነቅ ጥርስህ ድረስ ይሰማሃል። ማደንዘዣ የምትሰጠው ልጅ ዓይኔን አይታ «ጋሼ፣ ትንሽ ይተኙልኝ» አለችና የሆነ ነገር ጨመረችልኝ። ስነቃ አልቆ ነበር፤ ሁለት ሰዓት አልሞላም።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ከባድ ናት። ማደንዘዣው ሲለቅ ጉልበት ሳይሆን ከሰል ነው የያዝኩት። ማስታገሻ ይሰጣሉ፤ ግን መጥሪያውን ተጭኜ ግማሽ ሰዓት የጠበቅኩበት ጊዜ ነበር። ሲስተሯ ብቻዋን ሁለት ክፍል ታያለች። በእሷ አልፈርድም። አስታማሚ ያለው ሰው ይሻለዋል፤ ወንዱ ልጄ ወንበር ላይ አድሮ ኮሪደሩን ሲመላለስ ነጋ። ጠዋት ሁለት ሰው ደግፎ በዎከር አቆመኝ። ስድስት እርምጃ ሄድኩ። ላቤ ጠብ አለ፤ ያ የድሮው ሕመም ግን የለም። ሌላ ሕመም ነው። የቁስል ሕመም። ልዩነቱን ያመመው ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ፋሻው ሲቀየር ስፌቱን አየሁት። እዚህ ላይ የባለሙያ ቃል ልስጥ። አሥራ ስምንት ሴንቲ፤ በኋላ ቤት በሜትር ለካሁት። ከላይ በብረት ክሊፕ ነው የተዘጋው፣ ሃያ አራት። ርቀቱ እኩል፣ ከንፈሩ ከከንፈሩ የገጠመ፣ አንድም ቦታ አልተጨማደደም። ከታች ያለው ንብርብር ራሱ በሚሟሟ ክር ተሰፍቷል አሉኝ። ማን እንደዘጋው ጠየቅኩ፤ አንድ ወጣት ረዳት ሐኪም ነው። አስጠርቼ «እጅህ ይባረክ» አልኩት። አፈረ። እኔ ዘንድ ቢቀጠር በመጀመሪያው ቀን ዘምዘማ እሰጠው ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በአራተኛው ቀን ከዎከርና ከመድኃኒት ከረጢት ጋር ሸኙን። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ቤታችሁ እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቀንም። የእኛ ሽንት ቤት የግቢ ነው፤ ቁጢጥ የሚሉበት። በዎከር የሚሄድ ሰው፣ ጉልበቱ ሃምሳ ዲግሪ የማይታጠፍ ሰው፣ እዚያ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያውን ቀን አልናገርም። በማግስቱ የጎረቤታችን አናጺ አሮጌ ወንበር መሃሉን ቀዶ፣ እግሩን በእንጨት አስረዝሞ መጣ። ባልዲ ከሥሩ። ይህ ወንበር ከዎከሩ በላይ ጠቅሞኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሆስፒታል ስለ ሽንት ቤት መጠየቅ ስለ ስኳር እንደመጠየቅ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ባለቤቴ ነፍሷ ይማርና... ኧረ አለች፣ በሕይወት አለች፤ ደግነቷን ለማለት ነው። እግሬ እንዳይደክመው ብላ ከጉልበቴ ሥር ትራስ አደረገችልኝ። ምቾቱ ልዩ ነበር። ሦስት ሳምንት እንደዚያ ተኛሁ። ለካ ከጉልበት ሥር ትራስ ክልክል ነው! ጉልበቱ ታጥፎ ይደርቅና መዘርጋት እምቢ ይላል። ትራስ ከተደረገ ተረከዝ ሥር ነው፣ ጉልበቱ አየር ላይ ቀርቶ ወደ ታች እንዲወርድ። ይህን አንድ መስመር ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ስንት ያስወጣል? የፊዚዮቴራፒው ልጅ ሲያየኝ ራሱን ያዘ። የቀረችኝን አሥር ዲግሪ ለመዘርጋት ሁለት ወር ፈጀብን። እንባዬ የመጣው ቀዶው ላይ አይደለም፤ እሱ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልጅ መናገር አለብኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ አይሠራም፤ በሰው በሰው ነው ያገኘነው። በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ይመጣል። በእጁ ማዕዘን መለኪያ ይዞ ያጥፈኛል፣ ይዘረጋኛል፣ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በእኔው ጠመኔ ይጽፋል። ስልሳ አምስት። ሰባ ሁለት። ሰባ ሁለት። ሰማንያ። ከወንበር በወጉ ለመነሳት ዘጠና ያስፈልጋል፤ ዘጠናን ያገኘሁ ዕለት ባለቤቴ ቡና አፈላች። እሱ ባይኖር በዚያ ሁሉ ገንዘብ የገዛሁት ያማረ ብረት ያለበት ደረቅ እግር ነበር።

የእግር ጉዞውን ደግሞ መንገዱ አገዘኝ። ፒያሳ ሱቄን የወሰደብኝ ልማት በምትኩ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሰጠኝ፤ አግዳሚ ወንበርም በየቦታው። ከድልድዩ ተነስቼ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ ስሄድ መጀመሪያ ሰባት ጊዜ አርፍ ነበር። እያረፍኩ የድሮ ሱቄን ቦታ አያለሁ። በስድስተኛው ወር አንዴም ሳልቀመጥ ደረስኩ።

አሁን ምን ይመስላል? ሌሊት እተኛለሁ። ይህን የሚያቃልል ሰው ጉልበቱን አሞት አያውቅም። ደረጃ ያለ መደገፊያ እወጣለሁ፤ ስወርድ እይዛለሁ። ሲንጀሬን እረግጣለሁ። ጉልበቴ 115 ዲግሪ ድረስ ይታጠፋል። ከጠባሳው ወጣ ብሎ ያለው ቆዳ ደንዝዟል፤ መዳፍ የሚያህል ቦታ መርፌ ብወጋው አይሰማኝም (ወግቼ አይቻለሁ፤ ሐኪሙ ተቆጥቶኛል)። ስሄድ አንዳንዴ ቀጭ ይላል፤ ብረትና ፕላስቲክ ሲነካካ ነው። እብጠቱና ሙቀቱ ስምንት ወር ቆየ። ባንክ በር ላይ ፍተሻው ሲጮህ ጥበቃው ኪሴን ይፈትሻል፣ ቀበቶዬን ያስፈታኛል፤ በመጨረሻ ሱሪዬን ገልጬ ጠባሳዬን አሳየዋለሁ። አንዱ «ፋዘር፣ ጥይት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

የማልችለውም አለ። ቁጢጥ ማለት የለም። በርጩማ ላይ ከተቀመጥኩ ሰው ያነሳኛል። ስግደቱ ነው ከሁሉም የከበደኝ። ብንበረከክ ብረቱ አይሰበርም አለኝ ሐኪሙ፤ ግን በጠባሳው ላይ ክብደቴን ስጥል ጠጠር ላይ የወደቅኩ ይመስለኛል። አምና ስቅለት ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሳ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ከወገቤ ጎንበስ ስል ዋልኩ። የንስሐ አባቴ አስቀድመው ፈቅደውልኛል። ቢፈቅዱም፣ አጠገቤ አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሲሰግዱ እያዩ መቆም ቀላል አይደለም። ይህን ከቀዶው በፊት ማንም አላነሳልኝም። ብጠይቅ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር፤ መጠየቅ እንዳለብኝ የት አውቄ!

ሐኪሙ አንድ ነገር ግን በግልጽ ነግሮኛል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ጉልበታቸውን ካስቀየሩ ከአምስት ሰዎች አንዱ ገደማ በውጤቱ አይረካም። ብረቱ በደንብ ተቀምጦም ሕመሙ የማይለቃቸው አሉ። በሌላ በኩል በውጭ አገር መዝገቦች ላይ ከመቶ ጉልበት ሰማንያ ሁለት ያህሉ ሃያ አምስት ዓመት ያገለግላሉ። እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ገበሩ ከኮቱ በላይ ይቆያል ማለት ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፦ ለሐኪሙ እጅ አምስት ከአምስት። ለስፌቱ አምስት፤ ቢቻል ስድስት። ለዝግጅቱ አራት። ለሂሳብ ክፍሉ ሁለት። ሸኝተው ለላኩበት መንገድ አንድ፤ እሱንም በር ድረስ ተሽከርካሪ ወንበር ስለገፉልኝ። ሕመሙ ሌሊት የሚቀሰቅሰው፣ ራጁ ያለቀለት፣ ኪኒንና መርፌ የከዳው ሰው ቢጠይቀኝ አሠራ እለዋለሁ። ደረጃ ሲወርድ ብቻ የሚያመው ሰው ቢጠይቀኝ ክብደትህን ቀንስ፣ የጭን ጡንቻህን አጠንክር፣ ቆይ እለዋለሁ። ሁለቱም ግን ፊዚዮቴራፒስታቸውን ከቀዶው በፊት ያግኙ፣ ወንበራቸውንም አስቀድመው ያስቀድዱ።

በከተራ ታቦታቱን አጅቤ ጃንሜዳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ በፊት የቀኝ ሱሪ እግሮቼን ሁሉ ፈትቼ ወደ ድሮ ልካቸው መልሻቸዋለሁ፤ ቀኝ እግሬ ቀጥ ብሏልና። ማታ ቤት ስመለስ ባለቤቴ ጫማዬን ስታወልቅልኝ ሱሪዬን ያዝ አድርጋ አየችው። የግራው ጫፍ አቧራ ይዟል። ሜትሩን አውርጄ ለካሁ። ግማሽ ሴንቲ። ግራ እግሬ ነው አሁን ደግሞ። ለጊዜው አጠፍኩት።